ብል የማይበላው በርኖስ

ብሉ የወጣው በሳጥኑ የቁልፍ ቀዳዳ በኩል ነው። ጦይባ ክፍሉን እየጠረገች ነበር። የገለባ መልክ ያለው፣ ከስንዴ ቅንጣት የማይበልጥ ነገር ከብረቱ መካከል ብቅ አለ፤ ክዳኑ ላይ ሮጥ ሮጥ ብሎ ተነሣና መንገድ እንደጠፋው ሰካራም እየተንገዳገደ በርሮ መጋረጃው ጥላ ውስጥ ተሸጎጠ። ሌላ ሴት ብትሆን በመዳፏ ጨፍልቃው ጥርጊያዋን ትቀጥል ነበር። ጦይባ ግን እንጀራዋ ሱፍ ነው፤ ምን እንዳየች ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሳጥኑ የባሏ ነው። ውስጡ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሠርጉ ዕለት የለበሰው ጥቁር በርኖስ። ባሏ ሙስዓብ ከዚህ ቤት ከወጣ ደግሞ ሰባት ዓመት ሞላው።

ሙስዓብ በ1990 ዓ.ም. ኅዳር ላይ በመተማ አድርጎ ሱዳን ሲወርድ "ስድስት ወር" ብሎ ነበር። በእሱ አቆጣጠር ስድስት ወር ስንት እንደሆነ እስከ ዛሬ የገባው ሰው የለም። ከካርቱም አንድ ደብዳቤ ጻፈ፣ አንድ ጊዜ ስልክ ደወለ፣ "ወደ ሊቢያ ልሻገር ነው" አለ፣ በቃ። ያኔ ጦይባ ሃያ ዓመቷ ነበር። አብረው የኖሩት አንድ ዓመት ከሁለት ወር ብቻ ነው፤ ልጅም አልያዘችም። አሁን ሃያ ሰባት ሞልቷታል። ማክሰኝት ያሉት ሁለቱ ታናናሽ እህቶቿ አግብተው አምስት ልጅ በመካከላቸው አፍርተዋል። እሷ የሰው ቤት የመስኮት አበባ ሆና ቀርታለች፤ ውኃ ይጠጣል እንጂ አይነቀልም።

መውጣት ፈልጋለች። ይህን ለራሷ ከነገረች ቆይቷል። አምና ቃዲው ዘንድ ሄዳ ነበር። ቃዲው በትሕትና አስተናገዷት፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሟትና "ልጄ፣ የባልሽ እናት ከልጄ ተስፋ ቆርጫለሁ ብለው ይመስክሩ፤ ያን ቀን የባልሽን ሞት እፈርዳለሁ፣ የመበለትነት ወራትሽን፣ ዒዳሽን፣ ትቆጥሪያለሽ፣ ትወጫለሽ" አሏት። በሌላ አነጋገር የጦይባ ዕድሜ በአንዲት ሴት ምላስ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ያቺ ሴት ደግሞ ሃጂራ ናቸው።

ሃጂራ ክፉ ሴት ቢሆኑ ነገሩ በቀለለ። ክፉ አማት ያላት ሴት ታለቅሳለች፣ ትጣላለች፣ አንድ ቀን ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች። ሃጂራ ግን ጦይባን "ጦይብዬ" ብለው ነው የሚጠሯት፤ የሥጋውን ሸጋ ሸጋ እየመረጡ ወደ እሷ በኩል ይገፋሉ፤ ሲያሟት የሰማ ጎረቤት አይገኝም፤ ቢናደዱ እንኳ እሷን ክፉ አይናገሩም። እንዲህ ያለውን ቤት በምን ሰበብ ጥለሽ ትወጫለሽ?

እኚህ ደግ ሴት ታዲያ አንድ እምነት አላቸው። ከማን እንደወረሱት አይታወቅም፤ ባላቸው ሐጂ አብዱልመናን "ይሄ በኪታብ የለም" እያሉ ሠላሳ ዓመት ተከራክረዋቸው ሰልችቷቸው ትተውታል። ሃጂራ እንደሚሉት የሕያው ሰውን ልብስ ብል አይበላም። ሰውየው የትም ይሁን የት፣ እስትንፋሱ እስካለ ድረስ ልብሱን ይጠብቃል። ብል የሚገባው ባለቤቱ ሲሞት ነው። ስለዚህ የሙስዓብ ሳጥን ውስጥ የብል መድኃኒት አይገባም፤ መድኃኒት ማስገባት ልጄን መጠራጠር ነው ይላሉ። በርኖሱ ፀሐይ አይመታም፤ ልብስ አውጥቶ አጥር ላይ ማስጣት የሟች ልብስ ለሰደቃ ሊሰጥ ሲል የሚደረግ ነው። ሱፍን ደግሞ ቆልፈህ በጨለማ ከተውከው ምን እንደሚጠራ የሱፍ ነጋዴ ሚስት አጥተውት አይደለም። ያውቃሉ፤ የልጃቸውን ግን ከሱፍ ለይተው ነው የሚያዩት። ሳጥኑ በዓመት አንድ ቀን፣ የዐረፋ ዕለት ይከፈታል። ሃጂራ ዐይናቸውን ሞራ ስለጋረደው በርኖሱን በእጃቸው ይዳብሱታል፣ ያሸቱታል፣ "አልሐምዱሊላህ፣ አለ" ይላሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ። ቁልፉ አንገታቸው ላይ በክር ይንጠለጠላል።

ዐረፋ ደግሞ ጥር ላይ ነው። ሁለት ወር አልቀረውም።

ማታ ፈህሚያ ከሥራ ስትመለስ ጦይባ ያየችውን ነገረቻት። ፈህሚያ የሙስዓብ ታናሽ እህት ናት፤ አዘዞ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። ነገር ሲነግሯት ከመደንገጥ በፊት ማብራራት ይቀናታል።

"እሱ የሚበረው አይበላም እኮ፣ እታለም" አለች ጫማዋን እያወለቀች። "አፍም የለው። የሚበላው ትሉ ነው፤ ልጅ ሳለ ነው የሚጨርሰው። የሚበረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወንዱ ነው። ሴቷ መብረር ብትችልም ከሱፉ ሥር፣ ከጨለማው አትወጣም፤ እዚያው እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች።"

"ይሄንንስ ኮሌጅ ሳልገባም አውቀዋለሁ" አለች ጦይባ።

ፈህሚያ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ የሳቀችበት ነገር ገባትና ጫማዋን ወደ ጥግ ገፋች። "ለእማ ትነግሪያታለሽ?" ብላ ጠየቀች።

"አንቺስ?"

"እኔ አልችልም። የ93ቱን አይተሽዋል።"

በ1993 ከመተማ የመጣ አንድ ሹፌር በረሃ ላይ መኪና ተገልብጦ የጎንደር ልጆች እንደሞቱ፣ ከእነሱም አንዱ ሙስዓብ እንደነበር ለሐጂ አብዱልመናን ነግሯቸው ነበር። ሃጂራ ሰሙ። አላለቀሱም። ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ፤ ሁለት ወር ሙሉ ቃል አልወጣቸውም፤ ጦይባ ጥርሳቸውን በማንኪያ እየፈለቀቀች አጥሚት አስገባችላቸው፣ እንደ ሕፃን አጠበቻቸው። ሊያልቁ ሲሉ ሌላ መንገደኛ "ቤንጋዚ ሙስዓብን የሚመስል ሰው አየሁ" አለ። የሚመስል ነው ያለው። ሃጂራ ግን በማግሥቱ ተነሥተው ሳጥኑን አስከፈቱ፣ በርኖሱን ዳበሱ፣ ምግብ ጠየቁ። ያን ቀን ጦይባ ከደስታ ብዛት አለቀሰች። ምን ላይ እልል እንዳለች የገባት በኋላ ነው።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ጠዳ ያሉት የሃጂራ እህት ባል አረፉ። ሃጂራ ለለቅሶ ሦስት ቀን ሊቀመጡ ሲነሡ ከአንገታቸው ክሩን አወለቁ።

"መንገድ ነው፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ ሰው ይገፋፋል" አሉ። "ቢጠፋብኝስ? ያዥልኝ።"

እንዳትከፍቺው አላሏትም። ቢሏት ይሻል ነበር። ጦይባ ቁልፉን አንገቷ ላይ አጠለቀችው፤ የሃጂራ ገላ ሙቀት ገና አልለቀቀውም ነበር።

ሃጂራን የጫነው ሚኒባስ ከሰፈሩ ሳይወጣ ሳጥኑን ከፈተችው። በርኖሱን አንሥታ ወደ መስኮቱ ስትዘረጋው ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ አልፎ ፊቷ ላይ አረፈ። ትከሻው ላይ፣ ጀርባው ላይ፣ ጫፉ ላይ፤ አንዳንዱ የሽንብራ ያህል፣ አንዳንዱ አውራ ጣት የሚያስገባ። ቆጠረችው። አርባ አንድ ነው። ከእጥፋቱ ውስጥ ትናንሽ ነጫጭ ትሎች የራሳቸውን የሱፍ ልባስ እንደለበሱ ወለሉ ላይ ወደቁ።

የመጀመሪያው የተሰማት ነገር ደስታ ነው። ልንዋሽላት አይገባም፤ ደስ አላት። ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም ነበር፤ በርኖሱን አጥፋ፣ ሳጥኑን ቆልፋ፣ ዐረፋን መጠበቅ ብቻ ነው። የሃጂራ ጣት ቀዳዳውን ያገኘዋል፣ የሃጂራ ምላስ ይፈታል፣ በሩ ይከፈታል። ግማሽ ቀን በርኖሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ይህንኑ እያሰበች ተቀመጠች። ከቀትር በኋላ ግን ሐሳቧ ወደ ማንኪያው ሄደ። የተነከሰ ጥርስ፣ በከንፈር ጥግ የሚፈስ አጥሚት፣ ግድግዳ ላይ የተተከለ ዐይን። በዚያን ጊዜ ሃጂራ ስድሳ አልሞላቸውም ነበር፤ አሁን አንድ ሐዘን የሚችሉበት ጉልበት የላቸውም። በዚህ ሳጥን ገድላቸው እወጣለሁ? ብላ ራሷን ጠየቀች። እኔ መውጫ አላጣም፤ አባቴ ሽማግሌ ሊልክ ነው፤ በሰላም፣ በንግግር፣ ሃጂራን ሳልገድል እወጣለሁ አለች።

መርፌዋን አነሣች።

እዚህ ላይ የጦይባን እጅ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐጂ አብዱልመናን ቅዳሜ ገበያ ባላቸው ሱቅ በርኖስ፣ ባና እና ስጋጃ ይሸጣሉ፤ የተቀደደ የሚያመጣም አይመልሱም፤ የሚጠግነው የምራታቸው እጅ ነው። ጦይባ ክሩን ከዚያው ልብስ ከውስጥ እጥፋት ትመዛለች፤ ቀዳዳውን አትለጥፍበትም፣ ክር በክር፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፈች እንደ ሸማኔ መልሳ ትሠራዋለች። ሐጂው ደንበኛ ፊት የተጠገነ በርኖስ ዘርግተው "በል ቀዳዳው የት ነበረ? ካገኘኸው በነፃ ውሰደው" እያሉ ይጫወታሉ። እስካሁን በነፃ የወሰደ የለም። እሳቸው ራሳቸው እንኳ በዐይን አያገኙትም፤ ጦይባ ግራኝ ስለሆነች ክሯ ወደ ግራ ይጋደማል፤ ያችን መጋደም በአውራ ጣታቸው ብቻ ነው የሚለዩት።

በርኖሱን አራገፈች፣ ጓሮ ወስዳ ሰው በማያይበት ፀሐይ አስመታችው፣ በብሩሽ ፈተገችው፣ ሳጥኑን በፈላ ውኃ አጠበችው። ከዚያ ሦስት ቀን ተቀመጠች። ፈህሚያ ምግብ እያመጣች፣ ምንም ሳትጠይቅ እያስቀመጠች ትሄዳለች። ሁለተኛው ቀን ላይ ጦይባ አንድ የማይገባ ነገር ተሰማት፤ ሥራው ጣፈጣት። እንዲህ ያለ ከባድ ጥገና አጋጥሟት አያውቅም፤ ቀዳዳው በጣቷ ሥር ሲዘጋ እጇ ደስ ይለዋል። ሃጂራ ሲመለሱ ሳጥኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ በክሩ ላይ ነው፣ በርኖሱ ሙስዓብ ከለበሰው ቀን ይልቅ ያምራል።

የዐረፋ ማግሥት አባቷ ዐብዱረሕማን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ከማክሰኝት መጡ። የመጡበትን ሚኒባስ በር ላይ አቁመውታል፤ ልጃቸውን ይዘው ሊመለሱ ነው ያሰቡት። ዘንድሮ ሃጂራ በበዓሉ ዕለት ሳጥኑን አላስከፈቱም ነበር፤ ወገባቸውን አሟቸው "ነገ ይደርሳል" ብለው አሳድረውታል። ጦይባ ይህን የልብ ዕረፍት አድርጋ ወስዳው ነበር።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀመጡ። ጦይባና ፈህሚያ ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ሰላምታው፣ የዝናቡ ነገር፣ የእህሉ ነገር አለቀና ዐብዱረሕማን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ሐጂ" አሉ፣ "ልጃችንን ስንሰጣችሁ ለሙስዓብ ነው የሰጠናችሁ። ለሳጥን አይደለም። ሰባት ዓመት ጠበቀች። ማንም ሴት ይህን ያህል አትጠብቅም። ክፉ አልዋላችሁባትም፣ ይሄን አላህም ያውቃል። አሁን ግን ይብቃት። ሃጂራ ቃዲው ዘንድ ሄደው አንድ ቃል ይናገሩላት።"

ሐጂ አብዱልመናን ሚስታቸውን አዩ። ሃጂራ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ቆዩ።

"እኔ ልጄ ሞቷል ብዬ በባዶ ሜዳ አፌን አልከፍትም" አሉ በመጨረሻ። "ጦይባን በግፍ ይዤም አላህ ፊት መቆም አልሻም። ሁለቱም እንቅልፍ ነስቶኛል። እንዲህ እናድርግ። ሳጥኑ በእናንተ ፊት ይከፈት። ብል ነክቶት ከሆነ ልጄ የለም ማለት ነው፤ ዛሬውኑ ቃዲው ዘንድ ወስዳችሁ አስመስክሩኝ። ካልነካው ግን ልጄ አለ፤ እሷም ባሏን ትጠብቅ፣ እናንተም ዳግመኛ በዚህ ነገር አትምጡብኝ።"

"ይሄ በሸሪዓው የለም" አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

"በእኔ አለ" አሉ ሃጂራ።

ዐብዱረሕማን ግን ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ አሉና አንሾካሾኩ፤ ፊታቸው በርቷል። መድኃኒት ያላየ፣ ፀሐይ ያልመታው፣ ሰባት ዓመት የተቆለፈ ሱፍ ብል አልነካውም ብሎ የሚያምን የገበያ ሰው የለም። "ተስማምተናል" አሉ ጮክ ብለው። ወደ ልጃቸውም ዞር ብለው በዐይናቸው፣ አይዞሽ አለቀ፣ አሏት።

ጦይባ የበሩን መቃን ያዘች። ጭንቅላቷ ውስጥ የሚመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በገዛ እጄ፣ በገዛ እጄ፣ በገዛ እጄ።

ሳጥኑ መጣ። ሃጂራ ክሩን ከአንገታቸው አወለቁ፣ ሐጂው ከፈቱ። በርኖሱን ሽማግሌዎቹ ፊት ዘረጉት። አንደኛው ተነሥተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት፣ ወደ ብርሃኑ አነሡት። ጨለማ ነው፤ አንዲት የብርሃን ነጥብ አላሳለፈም። ሌላኛው ገለበጡት፣ ጫፍ ጫፉን አዩ፣ ምላሳቸውን መቱ። ዐብዱረሕማን ሦስት ጊዜ አገላብጠው አዩት፤ ሦስተኛው ላይ ዐይናቸው የሚያየው በርኖሱን አልነበረም።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሃጂራ። በርኖሱን ተቀብለው ደረታቸው ላይ አደረጉት፤ እንባቸው ሱፉ ላይ ወረደ። "አለ ብያችሁ አልነበረም? አለ እኮ።"

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ጦይባ ያን ጊዜ ስንት ዓመት ሊመጣ እንዳለ አየችው። ሃጂራ እስኪያልፉ ድረስ፤ ከዚያም በኋላ ለቃዲው ተስፋ ቆርጫለሁ የሚል እናት አይኖርም። ወደ መካከል ገባች።

"ብል በልቶታል" አለች። "እኔ ነኝ የጠገንኩት። እርስዎ ጠዳ ሳሉ።"

ሃጂራ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። አልተቆጡም።

"ጦይብዬ" አሉ፣ "መውጣት ስለፈለግሽ አልፈርድብሽም። ግን ይሄን አትበዪኝ። አንቺ ዋሽተሽኝ አታውቂም።"

"እውነቴን ነው እማዬ።"

አንደኛው ሽማግሌ ወደ ሐጂ አብዱልመናን ዞሩ። "እንግዲህ ሐጂ፣ በጎንደር ከርስዎ የበለጠ ሱፍ የሚያውቅ የለም። ይዩት።"

ሐጂው በርኖሱን ከሚስታቸው እጅ በቀስታ ወሰዱ። ዐይናቸውን አልጣሉበትም፤ እንደልማዳቸው ገልብጠው አውራ ጣታቸውን በትከሻው ላይ ማስኬድ ጀመሩ። ጣታቸው ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ጦይባ የት ላይ እንደቆመ አወቀች፤ ትልቁ ቀዳዳ እዚያ ነበር። ሐጂው ቀና ብለው አዩዋት። ለሰባት ዓመት ያቺን ወደ ግራ የምትጋደም ክር ከገዛ ጽሕፈታቸው ይበልጥ ለምደዋታል። ከዚያ እንባቸውን በነጠላ የሚጠርጉትን ሚስታቸውን አዩ።

"ስፌት አላየሁም" አሉ።

ዋሹ ለማለት ይከብዳል፤ በዐይናቸው አላዩትም። አውራ ጣታቸውን ግን ከቦታው አላነሡም።

ጦይባ አልተቆጣቻቸውም። እሳቸውም ያቺን ማንኪያ አይተዋታል፤ እሳቸውም በዚያው ሳጥን ውስጥ ናቸው። እጇን ዘረጋች። "ይስጡኝ አባባ" አለች። ሐጂው አውራ ጣታቸውን አንሥተው ሰጧት።

ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። በርኖሱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሐጂው ጣታቸውን ያቆሙበትን አገኘች፤ ክሩ የታሰረበትን ጫፍ በጥፍሯ ቆፍራ አወጣችው፣ በጥርሷ በጠሰችው፣ ሳበችው። ክሩ ሳይጨናነቅ ተፈታ። ደህና የተሠራ ጥገና ሲፈታም ደህና ነው። ቀዳዳው በሰው ሁሉ ፊት አፉን ከፈተ። አጠገቡ ያለውን ሳበች። ሦስተኛውን ሳበች። አራተኛውንም ሳበች።

"ይበቃል" አሉ አባቷ።

"ወዲህ በዪው" አሉ ሃጂራ።

ጦይባ በጉልበቷ እየሄደች አቀረበችላቸው። ሃጂራ ሱፉን ዳበሱ። ጣታቸው ቀዳዳውን አገኘው፤ ገባበት፤ በወዲያ በኩል ወጣ። ያቺን የወጣች ጣት በሌላው እጃቸው ያዟት፣ ለረጅም ጊዜ ያዟት፣ የሌላ ሰው ጣት እንደሆነች ሁሉ።

"ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። የሞት መርዶ የሰማ ሰው የሚለው ነው፤ ቀስ ብለው አሉት። ፈህሚያ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ወጣች።

ሚኒባሱ ጦይባን ሳይዝ ተመለሰ። ሰኞ ዕለት ሃጂራ በባላቸው ክንድ ተደግፈው ቃዲው ዘንድ ሄዱ፣ ቃላቸውን ሰጡ፣ ቃዲውም ፈረዱ። ጦይባ መበለት ተባለች። መበለት ደግሞ አራት ወር ከአስር ቀን ዒዳዋን የምትቀመጠው በባሏ ቤት ነው፤ ከግቢው አትወጣም፣ አትኳልም፣ ማክሰኝት አትሄድም። ስትታገል የቆየችው ለመውጣት ነበር፤ የመውጫዋ መንገድ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ እዚያው አልጋ ላይ፣ ከዚያችው ሴት ጋር ፊት ለፊት ሆነ።

ለቀስተኛው መጣ፣ ቁርኣኑ ተቀራ፣ ሰዉ ተበተነ። ሃጂራ ይህን ሁሉ ጊዜ ጦይባን አላናገሯትም። ወደ ግድግዳው አልዞሩም፤ የሚሰጣቸውንም ይበላሉ፤ ግን አላናገሯትም። ሐሙስ ጠዋት ሐጂው ወደ ሱቅ፣ ፈህሚያ ወደ አዘዞ ሄዱና ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መካከላቸው ያለውን ምንጣፍ ይዛዋለች።

"ስንት ነበር?" አሉ ሃጂራ።

"ምኑ፣ እማዬ?"

"ቀዳዳው።"

"አርባ አንድ።"

ሃጂራ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አንድ ነገር አሰሉ። "ጠዳ የቆየሁት ሦስት ቀን ነው" አሉ። "አርባ አንዱንም በሦስት ቀን ጠገንሽው?"

"አዎ።"

"ለእኔ ብለሽ?"

"ለእርስዎ ብዬ።"

"ታዲያ ምነው ፈታሽው?"

ጦይባ ብዙ መልስ ነበራት። አባቷን፣ ቃዲውን፣ ሸሪዓውን፣ ዕድሜዋን መጥራት ትችል ነበር። አንዱንም አልጠራችም።

"ለእኔ ብዬ" አለች።

ሃጂራ የተደገፉበትን ትራስ ከጀርባቸው መዘዙና ምንጣፉ ላይ ወደ እሷ በኩል ገፋ አደረጉላት።

"ወገብሽን ያምሻል፤ ተደገፊ" አሉ። "ገና ብዙ ቀን ይቀርሻል።"